የሚስቴ ኪቦርድ

ሚስቴ አንደበቷ ከተዘጋ በኋላ መጀመሪያ የተናገረችው «ጨው በዛ» ብላ ነው። በአፏ አይደለም፤ በኪቦርድ ነው። ስትሮክ ከመታት ጀምሮ ወጥ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳጎርሳት ዝም ብላ ስትውጥ ወዳዋለች ብዬ ነበር። ለካ መናገሪያ አጥታ ነው።

ሰው መንገድ ላይ አቁሞ ሲጠይቀኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» እላለሁ። ውሸት ነው። ያን ጊዜም ደህና አልነበረችም። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ ብለዋት ነበር፤ ከአፏ «እእ» ከሚል ድምፅ በቀር አይወጣም። ጆሮዋ ግን ይሰማል፣ ሐሳቧ ሁሉ እንዳለ ነው። ሐኪሙም ብሎናል፤ ባይለንም ስታፈጥብኝ አውቅ ነበር። የቸገረን ያ ሁሉ ሐሳብ መውጫ ማጣቱ ነው። መውጫ ካላገኘንላት አጠገቤ ተቀምጣ ልትለየኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ስልክ ሞከርን። ግራ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱን ፊደል ስትነካ ጎረቤቶቹም አብረው ይነካሉ። ስልኩ ደግሞ አዋቂ ነኝ ባይ ነው፤ ሳትጨርስ እሱ ይጨርስላታል። ውሃ ልትል «ው» ብላ ስትጀምር «ውዴ» ብሎ ያቀርብላታል። በትዳራችን ዘመን ተባብለነው የማናውቀውን ቃል። ወረወረችው። ግድግዳው ላይ ምልክቱ አሁንም አለ።

ልጃችን ባል አግብታ አስኮ ነው የምትኖረው፤ ሥራዋ ከኮምፒውተር ጋር ነው። አንድ ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤቷ የተጣለ ላፕቶፕ በፌስታል ይዛ መጣች። ዕድሜው የገፋ፣ ሥዕል መሸከም የማይችል ነገር ነው። ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ያወጣል። ተርሚናል ይሉታል።

«ይሄን ነው ያመጣሽው?» አልኳት።

«ለእማዬ ይሄ ነው የሚሻለው። የሚያዋክብ ነገር የለውም። ቁልፉም ሲጫኑት ወደ ታች ይወርዳል፤ መጫኗን ጣቷ ያውቃል። አንድ ኤዲተር፣ መጻፊያው ማለቴ ነው፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፤ በቃ።»

ጥቁር ሰሌዳ ስትል ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ገባኝ፤ አልወደድኩትም።

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ፣ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ኮልፌ አጠና ተራ ባሕር ዛፍ እየተሸከምኩ ነበር የምኖረው። ደብዳቤ የምታነብልኝ፣ ቀበሌ ስሄድ የምትከተለኝ ሚስቴ ነበረች። የማታ ትምህርት ቤት ሂድ ብትለኝ፣ እዚያ የሰፈር ሰው አለ ብዬ እምቢ አልኩ። ስለዚህ ከሥራ ስመለስ በሩን ዘግታ፣ ገበታውን ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ ስንጥር ይዛ ራሷ አስቆጠረችኝ። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ገበታውን እንደ ዘፈን በቃሌ ያዝኩት። ሀ ሁ ሂ ብዬ ስጀምር እስከ መጨረሻው አወርደዋለሁ። አንድ ቀን ስንጥሩን መሐል ላይ ሰካችና «ይህቺን?» አለች። ከላይ ጀምሬ በሆዴ እየቆጠርኩ እስክደርስ ጠበቀችኝና ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ አንተ የምታውቀው ሰፈሩን ነው እንጂ ሰዎቹን አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ቁልቁል አስነበበችኝ፤ ከታች ወደ ላይ አስነበበችኝ፤ ከዚህም ከዚያም እያነሳች ጠየቀችኝ። ቃል የለም፣ ትርጉም የለም፤ ፊደል ብቻ። አንዷን ከዘለልኩ በስንጥሩ የእጄን ጀርባ ቸብ። ተመለስ ማለት ነው። ያኔ እልህ ይዞኝ ብዙ ክፉ ነገር ተናግሬያለሁ። እሷ እቴ! ስንጥሩን አታስቀምጥም።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። የመጀመሪያ ቀን አማርኛ ስንጽፍበት ስክሪኑ ባዶ ሳጥን ደረደረ።

«ይሄ ማሽን የኛን ፊደል አይቶ አያውቅም፣ አባዬ» አለች ልጄ።

«እንደኔ ነዋ» አልኩ። ሚስቴ በግማሽ አፏ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ልጄ አንድ ነገር ስትቀይር ሳጥኖቹ ጥያቄ ምልክት ሆኑ። ሌላ ስትቀይር ፊደሎቹ መጡ፤ ግን ጎናቸው ተቆርጧል፤ «ጠ» አንድ እግሯን አጥታለች። ተርሚናሉ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጠባብ ክፍል ነው የሚሰጠው፤ ክፍሉ የተለካው ደግሞ ለፈረንጅ ፊደል ነው አለችኝ። የኛዎቹ ሰፋፊ ናቸው። እንደ ኮልፌ ተከራይ ለአንድ በተሠራ ክፍል ቤተሰብ ሙሉ ሊገቡ ነው። ለአንዱ የሁለት ክፍል ቦታ እንዲሰጣቸው አዘዘችው፤ ጽሑፉንም እስኪበቃ አተለቀችው። ያኔ «ጠ» በሦስት እግሯ ቆመች።

ቁልፎቹን ደግሞ ለአንድ ጣት እንዲመቹ አደረገቻቸው። እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ፊደል ነው፤ ከላይ ያሉት ቁጥሮች ደግሞ ፊደሉን ይለውጡታል። «መ» ብላ ሁለትን ስትጫን «ሙ» ይሆናል፤ ሦስትን ስትጫን «ሚ»። ልክ እንደ ገበታው። በየቁልፉ ላይ የቁስል ፕላስተር ቆርጬ ለጥፌ ፊደሉን በእስኪርቢቶ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፍ ስላልበቃን «ሠ»ንና «ፀ»ን የመሳሰሉትን ድርብ ፊደሎች አስወጣናቸው። ሚስቴ ጣቷን እያዞረች «ፀ»ን ፈለገቻት፤ ስታጣት እንደ ሌባ አየችኝ።

ልጄ ወደ አስኮ ከሄደች በኋላ ነው ጣጣው የመጣው። የማጥፊያው ቁልፍ አያጠፋም። ሚስቴ ተሳስታ ልታጠፋ ስትጫነው ቆብ የመሰለ ምልክትና ጥያቄ ምልክት ይጽፋል። ደግማ ስትጫን ደግሞ ይጽፋል። ቀስቶቹም እንደዚያው፤ ወደ ላይ ልትሄድ ስትል ቆብ፣ ቅንፍ፣ ቅንፍ፣ የፈረንጅ ኤ ብለው ይዘረግፋሉ። ስህተቷን ልታጠፋ በሞከረች ቁጥር ስህተቷ እየበዛ ሄደ። እንባዋ መጣ። ልጄ ጋ ደወልኩ።

«ይሄ የሰጠሽን ነገር ዕቃ አይደለም፤ ጠላት ነው!»

«ተረጋጋ አባዬ። ቁልፍ ስትጫን ፊደል አይደለም የሚሄደው፤ ኮድ ነው የሚሄደው። ተቀባዩ ኮዱን ካላወቀው እንዳለ ይተፋዋል።»

«ታዲያ ጥፋቱ የላኪው ነው የተቀባዩ?»

«የማንም አይደለም። አልተግባቡም፣ ያ ብቻ ነው። ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዘህ የፈረንጅ ቪን ተጫን። ከዚያ ያስቸገረህን ቁልፍ ንካ። የሚልከውን ኮድ ያሳይሃል። ያን ለኤዲተሩ እንነግረዋለን፤ ይሄን ስታይ አጥፋ ማለት ነው እንለዋለን።»

እንዲህ እያለች በስልክ፣ እኔ አንድ በአንድ ቁልፍ እየፈለግሁ፣ ኤዲተሩ ትእዛዝ በሚያነብበት፣ ማስተካከያ በሚሉት ፋይል ውስጥ መስመር መጻፍ ጀመርኩ። የአንዱ ቁልፍ ኮድ፣ ቀጥሎ የሥራው ስም። አንዲት ነጥብ ስለረሳሁ ኤዲተሩ አልከፈትም ብሎ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈ። እኔም አኮረፍኩ። በማግስቱ ነጥቧን አገኘኋት። ማጥፊያው አጠፋ። ቀስቶቹ ሄዱ። ሚስቴ ግራ እጇን ዘርግታ፣ እየፈለገች፣ እያጠፋች፣ እየመለሰች ቆየችና «ጨው በዛ» አለች።

ደስታዬን ልደብቅ ወጥ ቤት ገባሁ። ሰው እንዴት በስድብ ደስ ይለዋል? እኔ ግን ደስ ብሎኛል።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰው ያለበት ቤት ሆነ። «ጢምህን ተላጭ።» «በሩ ሲጥ ይላል፣ ዘይት ቀባው።» «ያቺ የሰፈሩ ሙሽራ አረገዘች ወይ?» ከጎናችን ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ከሰዓት በኋላ ትመጣና አጠገቧ ትቀመጣለች። ሙስሊም ናት፤ ከልጃችን ጥቂት ብትበልጥ ነው፤ ሚስቴን «እትዬ» ትላታለች። ሁለቱ ስክሪኑ ላይ ሲያሙ እኔ ስጠጋ ሚስቴ ፈጥና ታጠፋዋለች። ያን ሁሉ ለፍቼ ያስተካከልኩትን ማጥፊያ! አንድ ቀን፣ «ምን ላድርግልሽ? ምን ላምጣልሽ? ትራሱን ላስተካክለው?» እያልኩ ስዞራት ጣቷን አነሳችና ጻፈች።

«ዝም በል።»

እውነቷን ነው። እሷ ዝም ካለች ወዲህ እኔ ለፍላፊ ሆኜ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል «ውሃ» ልትል «ወሀ» ብላ ጻፈች። ገባኝ፤ ቀዳሁላት። በሌላው ቀን «በረ» አለች፤ በሩን ዘጋሁት። ቁጥሮቹ እየቀሩ ነው፤ ፊደሎቹ ሁሉ እንደ ገበታው መጀመሪያ ዓምድ ባዶአቸውን ይመጣሉ። ቁጥሮቹ ኮድ መላክ አቁመዋል አልኩ። ወደ ልጄ ደወልኩ፤ ዝጋና ክፈተው አለች። ዘግቼ ከፈትኩት። እኔ ስሞክረው ይሠራል፤ እሷ ስትጽፍበት «ወሀ»። አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ የሚያቆም ዕቃ አይቼ ስለማውቅ፣ እንደዚያ ነው አልኩ። የእኛ ቤት አምፖልስ እንደዚያ አይደል?

ቀጥሎ ፊደሎቹም ተቀያየሩ። «በ» መሆን ያለበት «ደ»፣ «ለ» መሆን ያለበት «ቀ»። ታክሲ ይዤ አየር ጤና ወረድኩና አዲስ ኪቦርድ ፈለግሁ፤ ላፕቶፑ ላይ በገመድ የሚሰካ። ሱቁ ውስጥ ያለው ጎረምሳ እያጨበጨበ ተቀበለኝ።

«ለጌም ነው ፋዘር?»

«ለሚስቴ ነው። የድሮው ኮድ እየቀላቀለ ይልካል።»

«ኮድ?» አለና ጓደኛውን አየው። «ፋዘር ሐከር ናቸው እኮ!»

እየሳቁ ሸጡልኝ። ቤት መጥቼ ሰካሁት፤ ፕላስተሩን እንደገና ቆርጬ ለጠፍኩ። በእስኪርቢቶ ስጽፍ ሚስቴ እያንዳንዱን ፊደል አተኩራ ታይ ነበር። እየመረመረችኝ ነው ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። ሲያልቅ አቀረብኩላት። ጣቷን አነሳች፣ ብዙ አሰበች፣ ጻፈች።

«መደቀቀለ።»

ያኔ ከባዱን ሥራ ጀመርኩ። ኮንትሮልና ቪን እየተጫንኩ ቁልፎቹን ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ፈተሽኩ። ከዚያ ደግሞ ማስተካከያው ፋይል ውስጥ ካለው ጋር አስተያየሁ። ከላይ ወደ ታች አየኋቸው፤ ከታች ወደ ላይ አየኋቸው፤ ከመሐል እያነሳሁ አየኋቸው፤ እሷ ባስተማረችኝ መንገድ። የተሳሳተ የለም። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን ኮድ ነው የሚልከው፤ ኤዲተሩም ያውቀዋል፤ ስክሪኑም በትክክል ይጽፈዋል። ስህተት ባለማግኘቴ ተናደድኩ። ስህተት እንዲኖር ምን ያህል እንደፈለግሁ ፈጣሪ ያውቃል።

ጎረቤታችን እንደ ልማዷ መጣች። «እስቲ አንቺ ጻፊበት» አልኳት። «ምን ልጻፍ ጋሼ?» «የፈለግሽውን።» ተጎንብሳ ቀስ እያለች በአንድ ጣቷ ለቀመች።

«አላህ ያሽርሽ እትዬ።»

አንዲት ፊደል አልተዛነፈችም። ነጭ ሆኖ፣ ጠርቶ፣ ጥቁሩ ላይ ተቀመጠ። ወደ ሚስቴ ዞርኩ። ጽሑፉን እያየችው ነው። አስተያየቷን አወቅሁት። እኔ ድሮ ጋዜጣ የማየው እንደዚያ ነበር። መኖሩን ታያለህ፤ የተሰለፈ ጥቁር ነገር አለ፤ ሌላው ሰው አንብቦት ይስቃል ወይ ያዝናል፤ አንተ ውጭ ቆመሃል።

«ጋሼ፣ ተበላሽቷል ያሉት ይሠራል እኮ» አለች ጎረቤታችን።

«አዎ» አልኩ። «እሱ ይሠራል።»

ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሌላ ደም ሥር በዝግታ ሲዘጋ ቆይቷል አሉን፤ ቃል የሚኖርበት ቦታ ተጎድቷል አሉ። «ስናገር ትሰማኛለች?» ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው። «ድምፅዎን ትሰማለች፣ አባት። ትርጉሙን ምን ያህል እንደምትይዘው ግን እርግጠኛ መሆን አልችልም» አለኝ። አልዋሸኝም። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር ልል አልችልም፤ ውሸትማ እኔም አላነሰኝም።

ልጄ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም፤ እንደ እናቷ ናት። መጥታ ኪቦርዱን ለወጠችው። ጥቂት ቁልፎች ብቻ አስቀርታ፣ እያንዳንዳቸው ሙሉ ቃል በትልቁ እንዲያወጡ አደረገች። ውሃ። በረደኝ። ሽንት ቤት። አመመኝ። በቁልፎቹ ላይ ቃል ሳይሆን ሥዕል ለጠፈች። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ልጄን አልወቅሳትም።

ሚስቴ ተጫነች። ስክሪኑ «አመመኝ» አለ። ዘልዬ ተነሳሁ። «የት ላይ ነው?» ደግማ ተጫነች። አመመኝ፣ አመመኝ፣ አመመኝ፤ ስክሪኑ ሞላ። እግሯን ነካሁ፣ ራሷን ነካሁ፣ ሆዷን ነካሁ፤ ታየኛለች። ቀጥላ «ውሃ» ተጫነች። አመጣሁላት፤ ብርጭቆውን በእጇ ገፋችው። ብርድ ልብስ ሳመጣ ደግሞ እሱን ገፋችው። ልትል የፈለገችውን አላውቅም፤ እኛ ከመረጥንላት ውስጥ እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ። በመጨረሻ ግራ እጇን ሰብስባ ከጋቢዋ ሥር ከተተችው። ከዚያ ወዲያ ኪቦርዱን ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ጀመር።

«የድሮውን እመልስላታለሁ» አልኩ ለልጄ።

«አባዬ፣ የድሮው እኮ ትርጉም የሌለው ፊደል ብቻ ነው የሚያወጣው። ይሄኛው ቢያንስ አንዳንዴ ይገጥማል።»

«ሲገጥምስ በምን ታውቂያለሽ?»

የአንዱን ሥዕል ጫፍ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።

«እኔ አልቻልኩም» አልኳት። «አመመኝ ባለ ቁጥር እሮጣለሁ። እሷ ያላለችውን ማሽኑ እየነገረኝ መሮጥ አልቻልኩም።»

«እሺ ፊደሉስ ምን ያደርግልሃል?»

«የእሷ ነው። ምንም ይሁን ጣቷ የመረጠው ነው።»

ልጄ ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋችው። አልቅሳ ነበር፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አንተው መልሰው እንግዲህ፤ ታውቅበታለህ» አለችኝ። ማስተካከያውን ፋይል ከፈትኩ። የውሃውን፣ የብርዱን፣ የሽንት ቤቱንና የሕመሙን መስመሮች ኤዲተሩ እንዳያያቸው ፊታቸው ላይ ምልክት አድርጌ አስተኛኋቸው። የፊደሎቹን መስመሮች ቀሰቀስኳቸው። ቁጥሮቹንም መለስኩ፤ ባትጫናቸውም ይኑሩ። ማጥፊያውን ፈተሽኩት፤ ያጠፋል። ሥዕሎቹን ላጥቼ ፕላስተር ለጠፍኩ፤ ፊደል ጻፍኩ።

ኪቦርዱን ጭኗ ላይ አስቀምጬ ዞር አልኩ። እያየኋት እንደሆነ እንዳታውቅ በሩን ዘይት የምቀባ መሰልኩ። ብዙ ቆየች። ጋቢው ተንቀሳቀሰ፤ እጇ ወጣ።

አሁን ከሰዓት በኋላ እንዲህ ነው የምንውለው። ሚስቴ ትጽፋለች፣ እኔ አነባለሁ። ቃል አልፈልግበትም፤ መጀመሪያ ላይ ፈልጌ ነበር፤ «ለቀ»ን ሳይ ለቀቀችኝ ማለቷ ይሆን፣ «ደመ» ደም ማለቷ ይሆን እያልኩ ራሴን አሳመምኩት። ተውኩት። ፊደል እንደሚቆጠር ነው የምቆጥረው። መ፣ ደ፣ ቀ፣ ቀ፣ ለ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድ በአንድ፣ በጣቴ ስክሪኑን እየነካሁ። ጎረቤታችን አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ሰምታ፣ ጫማዋን አንስታ ተመለሰች። ያበድኩ መስሏት ይሆናል። ይምሰላት።

ባለፈው ሳምንት ደክሞኝ ነበር። ስክሪኑ ሞልቷል፤ ቶሎ ልጨርስ ብዬ አንድ መስመር ዘልዬ ቀጠልኩ። ግራ እጇ ከኪቦርዱ ላይ ተነሳና የእጄን ጀርባ ቸብ አደረገኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። ስክሪኑን ነው የምታየው። አውቃ ይሁን፣ እጇ ተንቀጥቅጦ ይሁን፣ አላውቅም። ልጄ ጋ አልደወልኩም፤ ይህን የምትፈትሽበት ቁልፍ የላትም።

ወደ ዘለልኩት መስመር ተመለስኩና ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሬ አነበብኩላት።